የጎሹ ወፎች ምን ይበሉ ነበር

ሲራዱጉ፣ ማርች 8 ቀን 1987

ለዛን ዲያራ፣ ባማኮ፣ ሜዲና ኩራ

አንተ አደንጓሬ በሊታ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ለልጅህ፣ ለምራትህ ለዋሳ፣ ለጎረቤቶችህም ሁሉ ሰላም በልልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ስለጠየቅኸኝ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከራዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል፤ ከዚያ በቀር ክፋት የለውም። ስለ ሳሉ ግን አትጠይቀኝ።

የሚጽፍልኝ አዲሱ አስተማሪ ሞሪባ ነው። የሩቁ የካይ ከተማ ሰው ነው፤ እኛ ጋ ከመጣ ገና አንድ ዓመቱ ነው። እጁ ፈጣን ነው፣ ያልኩትን ሁሉ ይጽፋል። ያላልኩትን እንዳይጨምር ደግሞ ፊደል ባላውቅም ዓይኔን ከብዕሩ ላይ አላነሳም።

"ጎሹ እንዴት ነው?" ብለሃል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳትጠይቅ ኖረህ አሁን ምን አስታወሰህ? ጎሹ አልወጣም። አንተ ከተማ ከገባህበት ዓመት ወዲህ አንድም ቀን ለጭፈራ ከጫካው ወጥቶ አደባባይ አልረገጠም። መቼም አንተ ልብስ ሰፊ ነህ፣ ከጎሽ ጋር ምን ጉዳይ አለህ፤ ዓመቱን ለመቁጠር ያህል ነው የጠቀስኩህ። ጉማሬው ይወጣል፣ አዞው ይወጣል። ባለፈው ዓመት የወጣቶቹ ማኅበር ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ዝንጀሮ አመጣ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ግን ዝንጀሮ ዝንጀሮ ነው።

አሁን ነገሩ ከፋ። አሮጌ ነገር የሚገዛ ሰው ከሴጉ መጥቶ የጎሹን የእንጨት ራስ አየና ወደደው። የማኅበሩ አለቃ ባፊን ደግሞ "ዕቃ ቤት ተቀምጦ ምስጥ ከሚበላው ይሂድ" ይላል። ሽማግሌው ንጎሎ አሰበ፣ አሰበና "ዘንድሮ ከጾሙ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ጎሹ በእግሩ ቆሞ ከወጣ ይቀራል፤ ካልወጣ ራሱም ይሄዳል፣ ዘፈኑም ይቀራል" ብሎ ፈረደ። ዘፈኑን የማወጣው እኔ ነኝ። አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ሌላ ዘፈን ያለኝ ሴት አይደለሁም።

ወንዶቹ በጫካው ዳር ሲያለማምዱት በሩቅ አይተናል፤ ማለቴ አላየንም። ቀንዱ ደህና ነው፣ አረማመዱም ደህና ነው። ከጀርባው ብቅ የሚሉት ሁለት ነጫጭ ወፎች ግን ሕይወት የላቸውም። የድሮዎቹን አይጥ በልቷቸዋል፤ አዲሶቹ ገመድ ላይ የተሰጣ ካልሲ ነው የሚመስሉት።

እንግዲህ እኔ ሴት ነኝ። ጎሹ ከጫካ እንደሚመጣ፣ ወፎቹም ጀርባው ላይ እንደሚያርፉ ነው የማውቀው። ከዚያ ያለፈውን አላውቅም፣ እንዳውቅም አይፈቀድልኝም። ግን ባማኮ ትልቅ ከተማ ናት። የዱር ነገር የሚያውቅ ሽማግሌ ቢያጋጥምህ፣ እነዚያ ወፎች ድሮ ምን ይበሉ እንደነበር ጠይቅልኝ።

ዲያራን ሁሉ መስደብ የተፈቀደላት የቀልድ ዘመድህ፣ ንዬሌ ትራውሬ

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ክቡር ሆይ፣ የወፍ መኖ ጉዳይ ልብስ ሰፊን ሳይሆን የእንስሳት ሐኪምን የሚመለከት መሆኑን ለወይዘሮ ንዬሌ አስረድቻለሁ። ሳቁብኝ። ሞሪባ።


ባማኮ፣ ማርች 25 ቀን 1987

ለንዬሌ ትራውሬ፣ ሲራዱጉ

አንቺ የአደንጓሬ ድስት፣ ሰላም ላንቺ። ለመንደሩ ሰው ሁሉ፣ ለወንዙም ጭምር ሰላም በይልኝ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ጽሕፈቱ የኔ እንዳልሆነ አስተማሪሽ ሳይነግርሽ አይቀርም። ዋሳ ናት የምትጽፈው። እኔ እያለሁ ለምን እሷ ትጽፋለች አትበይ፤ ትምህርቷን እንዳትረሳ ብዬ ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። ካልሲ ያልሽው ላይ ከአንጀቴ ሳቅሁ፣ ኋላ ግን ከፋኝ።

እንዳልሽው አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ጥርሱ አልቋል፣ ጨዋታው ግን አላለቀም። ጎሹ የወጣበትን የመጀመሪያ ቀን ያስታውሳል። ነፃነት የመጣበት ዓመት ነበር። ያኔ አውሬዎቹ ሁሉ ቁም ነገረኞች ነበሩ፤ ይወጣሉ፣ ያስፈራሉ፣ ይመለሳሉ። "ጎሹ ብቻውን ምን ያደርጋል? እውነተኛ ጎሽ ጀርባው ላይ መዥገር የሚለቅሙለት ወፎች አሉት" ያለ አንድ ወጣት ነበር አለኝ። የወጣቱን ስም ረስቶታል። ሽማግሌዎቹ "አውሬ ላይ መቀለድ ነው" ብለው ተቆጡ፤ ወፎቹ ብቅ ብለው የንጎሎን አባት መላጣ ሲቃኙ ግን ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ተንከባለሉ።

ስለ ምግባቸው እንዲህ ነው ያለኝ። ወፎቹ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጨርቅ አይበሉም። ሰያፍ ነው የሚበሉት። ጨርቁ ከጥግ ወደ ጥግ ይታጠፍና በእጥፋቱ መስመር ይቆረጣል፤ ያን የበላ አንገት ይሳባል፣ ይሰበሰባል፣ ይጠመዘዛል። ቀጥ ያለውን የበላ አንገት ያው ያልሽው ካልሲ ነው። ዓይናቸው የሸሚዝ ቁልፍ ነው፤ ግን ሁለቱ ዓይኖች አንድ ቁመት ላይ አይሁኑ። አንዱ የሩዝ ፍሬ ታህል ከፍ ይበል፣ ያኔ ወፏ ሰውን የምትጠረጥር ትመስላለች። ምንቃራቸው የቅል ስባሪ ነው። የታችኛው ከላይኛው ትንሽ ይጠር። አፏ ግጥም ብሎ ከተዘጋ ኩሩ ትሆናለች፤ ገርበብ ካለ ግን የሆነ ነገር ልትናገር የመጣች ትመስላለች፣ ሰውም አንገቱን አስግጎ ይጠብቃታል።

ደግሞ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም አለኝ። የቀኟ ስስታም ናት፣ ያየችውን ሁሉ ትነጥቃለች። የግራዋ ሰነፍ ናት፣ ጭንቅላቷን ክንፏ ሥር ከትታ ታንቀላፋለች፣ ጓደኛዋ ስትቆነጥጣት ትነቃለች።

ሻሽሽን የነጠቀችሽን ቀንም አነሣልኝ። ስስታሟ ከራስሽ ላይ አንሥታ የሰነፏ አንገት ላይ አሰረችው፤ አንቺ ጎሹን ሁለት ዙር አባረርሽው፣ ዘፈኑን ግን አላቋረጥሽም። ሰው በሳቅ መሬት ላይ ወደቀ። ሻሹ ቀይ ነበር ወይስ ምን ዓይነት? ሽማግሌውን ብጠይቀው "ከነበርኩበት ቦታ ቀለም አይታይም" አለኝ።

ዛን


ሲራዱጉ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1987

ለዛን ዲያራ

ብርቱካናማ ነበር። አሁንም አለኝ። ሳጥኔ ግርጌ ነው፣ ብል እንዳይበላው ቅጠል አድርጌበታለሁ።

ሰላም አልልህም፣ ምክንያቱም ተቆጥቻለሁ። ቢሆንም ሰላም ለዋሳ።

በመጀመሪያ ግን ምስጋናዬን ለሽማግሌው አድርስልኝ። ደብዳቤህን ለባፊን ሰጥቼ አስነበብኩት። "ይኸ ስለ ልብስ ስፌት ነው፣ ላንተ ሊጠቅምህ ይችላል" አልኩት። እሱም ኮስተር ብሎ "አዎ እማ፣ ስለ ልብስ ስፌት ነው" አለኝ። ሁለታችንም ሳቃችንን ዋጥን። ከሳምንት በኋላ ከጫካው በኩል ስትመለስ ያየቻቸው ሴት፣ ማለቴ ያላየቻቸው ሴት፣ ወፎቹ አንገት አወጡ አለችኝ። ይተጣጠፋሉ፣ ይኮሳተራሉ፣ አንዷ ባፊንን ራሱን ነከሰችው።

ግን አያዩም። እኔ የምለው ገብቶሃል? አንገታቸው ይዞራል እንጂ ማንንም አያገኙም። ያኔ ወፏ ታገኘኝ ነበር። ጎሹ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ እንኳ እሷ ወደኔ ትዞራለች። አንድ ዓመት እልህ ይዞኝ ሆን ብዬ ከሴቶቹ ኋላ፣ ከሙቀጫዎቹ መሐል ተደብቄ ዘፈንኩ። አንገቷን በሰዎቹ ራስ ላይ አሳልፋ ፊት ለፊቴ ቆመችና አፏን ገርበብ አደረገች። ያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ሴት ነበርኩ፣ የሦስት ልጆች እናት፤ እንደ ልጅ አፈርኩ። እንዴት አወቀች? ያን ሽማግሌ ይህን ብቻ ጠይቅልኝ። ይህ ካልተመለሰ ጎሹ አይነሣም፤ ባፊንም ያውቃል፣ ንጎሎም ያውቃል፣ የሴጉው ሰውዬም ያውቃል። በየገበያው ቀን እየመጣ የበግ ሻጭ ይመስል ቀንዱን ይለካል።

ቁጣዬ ደግሞ ይኸውልህ። ለምን አትመጣም ብዬ ደብዳቤያችንን በሚያመላልሰው ሾፌር ልኬብህ "ሥራ በዛብኝ" ብለሃል። ሾፌሩ ግን የስፌት መኪናህ ከተሸጠ ዓመት ሊሞላው ነው ብሎ ነገረኝ። መኪና የሌለው ልብስ ሰፊ በምን ሥራ በዛበት? እኔን አታሞኘኝ። ትራውሬ አይሞኝም፣ ዲያራ ነው እንጂ።

ንዬሌ

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ንዬሌ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ እንድጽፍ አዘዋል። አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሞሪባ።


ባማኮ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1987

ንዬሌ፣ ሰላም ላንቺና ለሲራዱጉ ሰው ሁሉ፤ ለንጎሎ፣ ለባፊን፣ ጆሮዋ ለማይሰማው ለቴኔን፣ ስማቸውን ላልጠራሁትም ሁሉ። ጾሙን በሰላም ያስጀምረን። የሾፌሩ አፍ ሰፊ ነው። መኪናውን የሸጥኩት ስላረጀ ነው፤ ሌላ እገዛለሁ።

ዋሳ፣ አሁን የምልሽን አትጻፊ። መኪናውን የሸጥኩት ቀኝ እጄ ስለሞተ ነው። አንድ ጠዋት ተነሥቼ ሸሚዜን ስለብስ፣ እጅጌው ውስጥ የገባው እጅ የኔ አልነበረም። መርፌ አይይዝም፣ ማንኪያ አይይዝም። በዚህ እጅ ሲራዱጉ ገብቼ ምን አሳያቸዋለሁ? ለንዬሌ ደህና ነው በያት።

ደህና ነኝ።

ስለ ወፏ ለጠየቅሽው፣ ያን ሽማግሌ ደጋግሜ ፈልጌ አጣሁት። አገር ቤት ሄዷል መሰለኝ።

ምን ሽማግሌ አለ፣ ዋሳ። ይህንንም አትጻፊ። ጎሹ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ አሥራ ስድስት ዓመት። ሁለት ወንዶች ፊትና ኋላ ይሸከሙታል፤ እኔ መሐል ጎንበስ ብዬ እጆቼን በጀርባው ስንጥቅ አወጣለሁ። ወፎቹ እጆቼ ናቸው። አሻንጉሊቱ እስከ ክርኔ ይደርሳል፤ ክንዴ አንገታቸው ነው፣ መዳፌ ራሳቸው። ሰው ወፏ ታያለች ይላል። እኔ ከውስጥ ምንም አላይም፣ ጨርቅና ላብ ብቻ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሠራው። ንዬሌ ስትዘፍን ድምፅዋ ከየት እንደሚመጣ እሰማለሁ፣ እጄ ወደዚያ ይዞራል። ይኸው ነው። የባፊን ልጆች ጨርቁን ቀደው በዓይናቸው ይፈልጓታል መሰለኝ፤ በዓይን ከሆነ አያገኟትም።

"ጎሼ፣ ውሃው ወርዷል፣ ና" ትላለች። ያቺን "ና" ከሌሎቹ ሴቶች ሁሉ አብልጣ ታስረዝማታለች። ከበሮው ምንም ቢጮህ ያቺ ቃል ትደርሰኝ ነበር። ለምን እንደምታስረዝማት አንድ ቀን ልጠይቃት አስቤ ነበር። አባቷ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ዳራት፣ እኔም ናናን አገባሁ፤ ሁለቱንም ሟቾች አላህ ይማራቸው። ጥያቄው ሆዴ ውስጥ ቀረ። ዋሳ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኜ እወዳት ነበር። አሁንም ያው ነኝ። አትጻፊ ብያለሁ።

ሽማግሌው ሲመለስ ጠይቄ እጽፍልሻለሁ። ለጉልበትሽ ሙቅ ውሃ አድርጊበት።

ዛን

እማማ ንዬሌ፣ አባባ አትጻፊ ያሉኝን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ዓይናቸው ለፊደል ስለደከመ አንብቢልኝ ሲሉኝ እየዘለልኩ ነው ያነበብኩላቸው። አንድ ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ የሞተ አባት ነበረኝ፤ ሁለተኛ አልፈልግም። ይቅርታዎን። ዋሳ።


ሲራዱጉ፣ ሜይ 11 ቀን 1987

ለተከበሩ አቶ ዛን ዲያራ

ክቡር ሆይ፣ በታላቅ ትሕትናና እፍረት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ወይዘሮ ንዬሌ አላዘዙኝም። ካለፈው ረቡዕ ጀምሮ አያናግሩኝም።

እርስዎ በደብዳቤዎ የመንደሩን ሰው ሁሉ ሰላም ስለሚሉ፣ እዚህ ልማዱ ሰላምታ የደረሰው ሁሉ ተሰብስቦ እንዲሰማ ነው። ዘጠኝ ሴቶች ማንጎው ሥር ለማፍጠሪያ የሚሆን ማሽላ ይወቅጡ ነበር። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አሥራ ሰባቱን ዓመት ስልሳ ልጆች ፊት ቆሜ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ፊደል ሳይ ድምፄ ራሱ ከፍ ይላል። "አትጻፊ" የሚለውን ቃል ሳነብ የቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እናንተ የቀልድ ዘመዶች የማትባባሉት የለምና።

"ወፎቹ እጆቼ ናቸው" የሚለው ላይ ስደርስ ዘጠኙም ዘነዘናዎች ቆሙ። ያኔ እኔም መቆም ነበረብኝ። ተመስጠው መስሎኝ ይበልጥ ጮክ ብዬ ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የምራትዎንም ማስታወሻ ጭምር።

ወይዘሮ ንዬሌ ተነሥተው ደብዳቤውን ከእጄ ወሰዱት። ገልብጠው ይዘው ብዙ ጊዜ አዩት፤ ማንበብ እንደማይችሉ ያውቃሉ። ከዚያ አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱትና ሙቀጫቸውን ትተው ሄዱ።

በማግስቱ ሽማግሌው ንጎሎ አስጠሩኝ፣ ደብዳቤውንም ከወይዘሮ ንዬሌ አስመጡት። ነገሩን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ሴት ውስጡን የሰማችው አውሬ ሞቷል፣ የሞተ አውሬ ደግሞ አደባባይ አይወጣም አሉ። ዕቃ ቤቱ ተቆልፏል። ከበዓሉ በኋላ ዘጠኙ ሴቶች አንድ በአንድ ይጠየቃሉ፤ ሰምተናል ካሉ የጎሹ ራስ ለሴጉው ሰው ይሰጣል። እኔ እዚያው ወድቄ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔን ቅጡኝ" አልኩ። "አንተ የካይ ሰው ነህ፣ አንተን ቀጥተን ጎሹን አናስነሣውም" አሉኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለውን ስንቱን ልጅ በቃሉ አስጠንቻለሁ። እኔ ግን እስከዚህ ቀን አልተማርኩትም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ሞሪባ


ባማኮ፣ ሜይ 20 ቀን 1987

ንዬሌ

ዛሬ የምልሽን ብቻ እንድትጽፍ ዋሳን አስምያታለሁ። ስትጽፍ ወረቀቱን በእንባ አበላሽታ ሁለት ጊዜ ቀይረነዋል። እኔም አልተቆጣኋትም። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፣ ግን ቁጣው ማን ላይ እንደሚያርፍ አጣሁ።

አስተማሪው ጽፎልኛል። ይቅር በይው፣ ምስኪን ነው። እኔንም ይቅር በይኝ። የገዛ አፌን ባማኮ አምጥቼ አስለመድኩት፤ እዚህ ሰው ሁሉን ነገር በስሙ ይጠራል። ሲራዱጉ ብሆን ኖሮ ቃሉ ከጥርሴ አያልፍም ነበር።

ለንጎሎ እንዲህ በይልኝ። ዛን ዲያራ ልብስ ሰፊ ነው። ጎሽ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አርጅቷል፣ በሽታ ነክቶታል፣ ይዘላብዳል። ከፈለጉ ስሜን ከማኅበሩ ይፋቁት፣ ድሮ ነበረ ብሎ የሚያነሣኝ ሰው አይኑር። ጎሹን ብቻ አይስጡት። እኔ ሠርቼ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ የሰፋሁት ሸሚዝ ሁሉ አልቋል።

በሾፌሩ እጅ አንድ ጥቅል ልኬያለሁ። የልጅ ልብስ ነው በይ። ከልጄ አሮጌ ነጭ ጀለቢያ ነው የተቆረጠው፣ በሰያፍ። ዋሳ ይዛልኝ በግራ እጄ ነው የሰፋሁት፤ ስፌቱ ይንጋደዳል፣ እንዳትስቂብኝ። ሰነፏን በግራ እጄ ሞክሬያታለሁ፣ አንቀላፋች፣ ነቃች፣ ዋሳ ከእንባዋ መሐል ሳቀች። ግራው ድሮም የሰነፏ ነበር። ስስታሟ ግን የቀኝ ናት። እሷን የሚያነሣት የለኝም። ስስታሟ ሞታለች።

ጎሹ ካልወጣ ጥቅሉን ለልጆች ስጫቸው።

ስለ ሌላው፣ መልስ አልጠይቅም።

ዛን


ሲራዱጉ፣ ጁን 21 ቀን 1987

ለዛን ዲያራ፣ ባማኮ

አንተ አደንጓሬ በሊታ፣ ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለልጅህ፣ ለዋሳም ሁለት ጊዜ ሰላም በልልኝ። እንኳን አደረሳችሁ ሳልል ዝናቡ ጀመረ። ሞሪባን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ይኸው ይጽፋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጻፍ ግን እስካሁን አልቻለም፣ እያንዳንዱን ቃል እየጮኸ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ከወንዙ ዳር፣ ከሰው ርቀን ተቀምጠናል።

ሽማግሌዎቹ ምን አሉ ብለህ በሾፌሩ ጠይቀሃል። ከበዓሉ በኋላ በነበረው አርብ ዘጠኛችንንም ጠሩን። መጀመሪያ እኔን ነው ንጎሎ የጠየቀኝ።

"ንዬሌ፣ ያን ቀን ምን ሰማሽ?"

"ሞሪባ ሲጮህ ሰማሁ፤ ምን እንደሚል ግን ዘነዘናው አላሰማኝም።"

ሁለተኛዋም ዘነዘናው አለች፣ ሦስተኛዋም። አላህ ምስክሬ ነው፣ አልተመካከርንም። አንዳችን የሌላችንን ደጅ አልረገጥንም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ፤ እናቶቻችንም እንዲሁ ኖረው ነው ያለፉት። ወንዶቹ ጎሹን ይሸከማሉ፣ እኛ ደግሞ አለማወቁን እንሸከማለን። የትኛው እንደሚከብድ ጠይቆን የሚያውቅ ወንድ የለም።

ቴኔን ስትጠየቅ የሰው ሁሉ ፊት ተለወጠ፤ ጆሮዋ ከተደፈነ ሃያ ዓመቱ ነውና። "ምንም አልሰማሁም" ብላ ማለች። በሕይወቷ ስለ መስማት ሲጠይቋት የመጀመሪያዋ ስለሆነ ደስ ብሏት አለቀሰች።

ንጎሎ ጢሙን አሻሸ። "ዘጠኝ ሴት፣ አንድ ዘነዘና" አለ። "ጾም ነበር አባ" አልኩት። "ርቦን ስለነበር በርትተን ነበር የምንወቅጠው።" ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ማሳል ጀመሩ። ሳል አልነበረም።

ከዚያ ደብዳቤህን አወጣ። "ይኸስ?"

"ማን ነው የጻፈው?"

"ዛን ዲያራ።"

"ዲያራ የጻፈውን ማን ያምናል?" አልኩት። "ዲያራ አደንጓሬ ሲበዛበት ጎሽ ነኝም ይላል፣ ወፍ ነኝም ይላል። አንተም ዲያራ ነህ፣ ራስህን ታውቃለህ። እኔ ትራውሬ ነኝ፣ የቀልድ ዘመድህ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ስሰድብህ ኖሬ አንድ ነገር ለምኜህ አላውቅም። ዛሬ እለምንሃለሁ፤ ጎሹን ተወው።"

ጉልበቴ እያመመኝ ተንበረከክሁ። የቀልድ ዘመድ ለምኖ እምቢ እንደማይባል እሱም ያውቃል። ደብዳቤውን አጥፎ መልሶ ዘረጋው። እኔም የዚያን ጊዜ ያህል ፈርቼ አላውቅም። በኋላ "ካልተሰማ አልተነገረም" አለ። ደብዳቤውን ለባፊን ሰጠና "አቃጥለው" አለው። ባፊን ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን አንድ ወረቀት ለማቃጠል ሦስት ቀን ፈጀበት። በሦስተኛው ቀን መርፌና ክር ከቤቴ ተዋሰ። የምን ቀዳዳ እንደሚደፍን አልጠየቅሁትም። የልጅ ልብሱንም ጥቅል ያኔው ሰጠሁት።

ጎሹ ባለፈው ቅዳሜ ወጣ። የሴጉው ሰውዬ ከፊት ተቀምጦ ነበር፣ መለኪያውን ይዞ። ብርቱካናማ ሻሼን አሰርኩ። ከፊት ልቆም አስቤ ነበር፣ ግን ድምፄ አሳፈረኝ፤ ስለ ሳሉ አትጠይቀኝ ያልኩህ ለዚህ ነው። ከዓመት ወደ ዓመት እየቀጠነ መጥቷል። ልጆቹ ካልሰሙኝ በኔ ምክንያት ወፎቹ እንዳይታወሩ ፈራሁ። ወደ ኋላ፣ ወደ ሙቀጫዎቹ ሸሸሁ። ከበሮው ተነሣ። አንገታቸው ወጣ። ስፌቷ የተንጋደደው አንደኛዋ ወዲያው ጭንቅላቷን ክንፏ ሥር ከታ ተኛች፤ ሰው ሳቀ። ሌላዋ ግን ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ግራ ገባት። "ጎሼ፣ ውሃው ወርዷል" አልኩ። ከዚያ የቀረኝን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቤ የመጨረሻዋን ቃል ያዝኳት። አልለቀቅኋትም። ዓይኔ ጨለመ።

ዓይኔን ስገልጥ ፊቴ ላይ ነበረች። አፏ ገርበብ ብሏል። ሻሼን ከራሴ አነሣችው፣ ለሰነፏም አላሰረችላት፣ ለኔም አልመለሰችልኝ። ጎሹ ይዟት ጫካ ገባ። ያን ሁሉ ዓመት ያስቀመጥኩትን ሻሽ ወሰደችው። እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ፣ ዘፈኑን ግን አላቋረጥኩም። የሴጉው ሰውዬ መለኪያውን ጠቅልሎ በዚያው ሄደ። ስስታሟ አልሞተችም፣ ዛን።

አንተም የሆነ ነገር ጠይቀኸኝ እንደነበር ሰዎች ያወራሉ። እኔ አልሰማሁም፣ ምያለሁ፤ ያልሰማሁትን ደግሞ እንዴት እመልሳለሁ? ግን ይህን ስማኝ። ዘፈኑ ከእናቴ ወደኔ ሲመጣ መጨረሻው አጭር ነበር። ያስረዘምኩት እኔ ነኝ፣ ወፎቹ በመጡበት ዓመት። በዓመት አንድ ቀን፣ ባል እያለኝም ባል ከሞተም በኋላ፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ አስረዝመዋለሁ። ሴት እንዲያው ለዘፈን ብላ ትንፋሿን እንዲህ አትጨርስም።

በሾፌሩ እጅ አንድ ቅል የሺያ ፍሬ ቅቤ ልኬያለሁ፣ የዘንድሮ ነው፣ ራሴ ነኝ የናጥኩት። ባማኮ ውስጥ ቀኝ እጁ የደነዘዘበት ሰው ቢያጋጥምህ ስጥልኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላል ሞሪባ፤ እጅ ግን ይታሻል። ዋሳ ጠዋትና ማታ ትሽው፣ ከክርኑ ወደ ጣቶቹ። ባይድንም ግድ የለም፤ ሰነፏ ለሁለታችን ትበቃናለች።

የዘፈኑን የመጨረሻ ቃል ታውቀዋለህ። እሱን ነው የምልህ።

ንዬሌ